ከመንደር ውጭ ያለው ሀብት፦ የጓሳ ትምህርት

በድርቅ የተጎዳ መንደር ሲጠና ወይም አዲስ ሠፈራ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚቆጠረው ቤተሰቡ፣ ከብቱና የእርሻ መሬቱ ነው። ከመንደሩ ውጭ ያለው የወል መሬት ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ይቀራል። ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ጓሳ ያስተምራል።

ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ውርጫማ አገር ዳር የሚኖሩት መንደሮች ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር፣ እንዲሁም ማገዶአቸውን የሚያገኙት ከጓሳ ነው። በቀድሞው የቄሮ ሥርዓት የአስቦና የጌራ ተወላጆች መሬቱን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው ያስጠብቁ ነበር። ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ስለዚህ ጓሳ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ልዩ መብት ሲሽር፣ ከተጠቃሚነት ተገልለው ለነበሩት እኩልነትን አስገኘ። ይሁን እንጂ የጥበቃው ደንብም አብሮ ፈረሰ፤ ጠባቂ ያጣው ሣር ያለ ልክ ታጨደ፣ ተጋጠ። በኋላ ነዋሪው ከየገበሬ ማኅበሩ በተውጣጡ ተወካዮች ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ።

እንግዲህ የሠፈራ ባለሙያ ጎጆ ከማስቀለሱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ የቤቱ ክዳንና ማገዶው ከየት ይመጣል? የወሉን መሬት ማን ይዘጋል፣ ማንስ ይከፍታል? ከተጠቃሚነት የሚገለል ወገን አለን? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት መንደር በመጀመሪያው ድርቅ እንደገና ለእርዳታ እጁን ይዘረጋል።