ቃል የሌለው ዘፈን
የዋልያስ ባንድ ሸክላዎችና ካሴቶች፤ ለጥናት የቀረበ ሐሳብ

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ተማሪ ሂልተን ሆቴልን ሳያይ አያልፍም። ከሆቴሉ ወዲያ ያለው ሰፈር ካዛንቺስ ነው። ሆቴሉ የተከፈተው በ1969 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋልያስ የተባለው ባንድ በ1970ዎቹ ዓመታት ለረጅም ጊዜ የሌሊት ሙዚቃውን ያሰማው በዚሁ ቤት ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች የቀረልን ምንድን ነው? የቀረውስ የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከጓደኞቻችን ጋር መመርመር ነው።

ለጥያቄው ያነሳሳን አንድ ካርቶን ነው። በ2024 መጨረሻ ገደማ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ከመካከላችን የአንዱ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑና ድስቱ ሁሉ ከተጫነ በኋላ አንድ ካርቶን ካሴት «ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዓመቱ! ምን ይሠራልናል?» ተብሎ ከመጣል ለጥቂት ዳነ። ካርቶኑን ወደ መኝታ ክፍላችን አምጥተን፣ ማጫወቻ ተውሰን፣ አንድ በአንድ አዳመጥነው። ዘፋኞቹን አብዛኞቹን በድምፃቸው ለየናቸው። ሦስት ካሴቶች ግን ዘፋኝ የላቸውም፤ ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ድራም ብቻ ነው የሚሰማው። ልባሳቸው ጠፍቷል። በአንዱ ላይ በእርሳስ «ሙዚቃ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደተጫወተው ልናውቅ አልቻልንም። ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

1. ባንዱ ከየት መጣ?

ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ በአገራችን ለብዙ ጊዜ የመንግሥት ንብረት ነበር። በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ የሙዚቃ ጓዶች በየክፍሉ ተቋቋሙ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ሙዚቀኞች በየራሳቸው ሥልጠና ይሰጡ ነበር። ነፋሹም ሆነ መቺው የደንብ ልብስ ለባሽ ነው፤ ሳክስፎኑም የግምጃ ቤት ዕቃ ነው።

በ1960ዎቹ የሌሊት ክለቦች እየበዙ ሲሄዱ ሙዚቀኞች ከደንብ ልብሱ መውጣት ጀመሩ። ዋልያስም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በተባለው ክለብ ይጫወቱ ከነበሩት ሰዎች የተገኘ ባንድ ነው። ስሙን የወሰደው ከሰሜን ተራሮች ዋልያ ነው። አቶ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ አቶ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ አቶ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ አቶ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ አቶ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ አቶ ተማረ ሐረጉ በድራም ይታወቃሉ። ፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ አቀናባሪው አቶ ግርማ በየነም ከእነርሱ ጋር ሠርተዋል። ስሞቹን አንድ በአንድ የዘረዘርነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

2. ሸክላና ካሴት

ሸክላ ማሳተምም እንደ መሣሪያው ሁሉ ለማንም የተፈቀደ አልነበረም። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር በ1969 ጥሰው የገቡት ወጣቱ ነጋዴ አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ሠርቷል። «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን አቋቁመው ተከተሉ። በአገራችን የሸክላ ዘመን በጠቅላላው ከዐሥር ዓመት አይበልጥም፤ በ1978 ገደማ ቦታውን ለካሴት ለቆ አበቃ።

እዚህ ላይ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ የአሠራር ልዩነት አለ። ትንሹ ሸክላ፣ ማለት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው፣ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሠርግ ቤት ግማሽ ሰዓት ሊቆይ የሚችል ዘፈን እንዲገባበት መታጠር ነበረበት። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ካሴት ግን ስድሳ ደቂቃም ዘጠና ደቂቃም ይይዛል፤ ዋጋው ይቀላል፤ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው በቤቱ ሊገለብጠው ይችላል።

ይህ መገልበጥ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ጥቅሙ ሙዚቃው ሸክላ ማጫወቻ ወደሌለበት ቤት ሁሉ መግባቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሙዚቃው ሲገለበጥ ስሙ አብሮ አለመገልበጡ ነው። በሸክላ ላይ ስሙ ከመሐሉ ተለጥፎ አብሮት ይዞራል። ካሴት ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙ በልባሱ ላይ ይቀራል። ዘፋኝ ያለው ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ድምፃዊ በድምፁ ይታወቃልና። ዘፋኝ የሌለው ባንድ ግን ስሙ ካልተጻፈ «ሙዚቃ ብቻ» ሆኖ ይቀራል። የኛ ካርቶን ታሪክ ይኸው ነው።

3. ዋልያስ የተዉልን

ባንዱ ድምፃውያንን እያጀበ የቀዳውን ወደ ጎን ብንተው፣ በራሱ ስም ከተዋቸው ሥራዎች ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። አንደኛው በ1975 የወጣው «ትዝታ» የተባለው ካሴት ነው፤ ሕዝብ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያለ ዘፋኝ ይጫወታል። ሁለተኛው በ1977 በካይፋ የታተመው «ቼ በለው» የተባለው ትልቁ ሸክላ ነው። በዚህ ሸክላ ላይ አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፈዋል። በኋላ በዓለም የዞረው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት በ1978 የተሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። አቶ ኃይሉ ይህን የሠሩት ከዋልያስ ጋር ሳይሆን በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። ሂልተንና ግዮን በአንድ ቂርቆስ ውስጥ በእግር የሚደረስባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁለቱን ካሴቶች አከታትሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ኦርጋን በሁለት ባንድ መካከል እንዴት ጠባዩን እንደሚለውጥ ሊማር ይችላል።

እስቲ እናስላው። አንድ ባንድ በሳምንት አምስት ሌሊት ብቻ ቢጫወት በዓመት 260 ሌሊት ይሆናል። ይህን በበርካታ ዓመት አባዙት። «ቼ በለው» ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ ሸክላ ማለት ከጎተራው ለናሙና የተዘገነ አንድ እፍኝ ነው። ጎተራው ከጠፋ በኋላ ስለ እህሉ የምናውቀው በእፍኟ ነውና እፍኟን ማክበር ይገባል።

4. ቃል የሌለውን ዘፈን እንዴት እናዳምጥ?

ብዙዎቻችን ዘፈን የምናዳምጠው ለግጥሙ ነው። ግጥም በሌለበት ምን እንስማ? ሦስት ነገር እናመለክታለን።

በመጀመሪያ ቅኝቱን እንለይ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከውጭ የመጣው መሣሪያ ዐሥራ ሁለቱን ድምፅ ሁሉ ይዟል፤ የባንዱ ጥበብ የሚታየው ከዐሥራ ሁለቱ የትኞቹን እንደተወ ነው።

ሁለተኛ ኦርጋኑን እንከተል። መሰንቆና ጉሮሮ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራተው ያልፋሉ። የኦርጋን ቁልፍ ግን እንደ ደረጃ ነው፤ በሁለት ቁልፍ መካከል መቆሚያ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ዋናውን ድምፅ ከመንካቱ በፊት ጎረቤቱን ፈጥኖ ነክቶ በማለፍ መንሸራተቱን ያስመስላል። በደንብ ያዳመጠ ሰው ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ እንደሚያዜም ይረዳል።

ሦስተኛ ከሥር ያለውን እንስማ። በ«ሙዚቃዊ ስልት» ሳክስፎንና ትራምፔት ዜማውን በአንድነት ሲያነሡ ቤዝና ድራም ደግሞ ከሥር ሳይደክሙ ይዘውት ይጓዛሉ። የላይኛውን ብቻ የሰማ ግማሹን ነው የሰማው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአድማጩ ድርሻ ነው። የታወቀ ዜማ ያለ ቃል ሲመታ ቃሉን የሚጨምረው አድማጩ ነው። አንዱ የፍቅር ስንኙን ያስታውሳል፤ ሌላው ለቅሶውን። ይህም ከሰምና ወርቅ ጋር የሚዛመድ ጠባይ ነው፤ ሰሙ በአደባባይ ይመታል፤ ወርቁ በየሰው ልብ ይቀራል። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ዘመን፣ የሳንሱርና የሰዓት እላፊ ዘመን እንደነበረ አንዘንጋ። ሰዓት እላፊ ያገደው የሆቴል እንግዳ እስኪነጋ ድረስ ከሙዚቃው ጋር ይቆይ ነበር። ቃል የሌለው ዜማ ለሳንሱር የሚሰረዝ መሥመር የለውም። ባንዱ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው ለዚህ ብሎ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ያዳመጠው ሰው ግን በነፃነት ያሰበው በዚያ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም ብለን እናምናለን።

5. ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ለሆቴል እንግዳ ራት ማወራረጃ የተመታ፣ ከአሜሪካ ሶል የተቀዳ ሙዚቃ ነው፤ ለጥናት አይበቃም» ይላሉ። መሣሪያውና አመታቱ ከውጭ የመጣ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሽሮ በብረት ድስት ስለተሠራ የፈረንጅ ወጥ አይሆንም። የራት ማወራረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአርባ ዓመት በኋላ ማን ይፈልገው ነበር?

ሌሎች ደግሞ «ፈረንጆች አድነውት የለም ወይ? እኛ ምን አደከመን?» ይላሉ። ለዚህ መልስ ለመስጠት የባንዱን ፍጻሜ መከተል ያስፈልጋል። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሄደ። አቶ ኃይሉ፣ አቶ ግርማ፣ አቶ ሞገስና አቶ መላከ በዚያው ሲቀሩ ሌሎቹ ተመለሱ፤ ባንዱም ተከፈለ። አቶ ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንንና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ብቻቸውን ተጫውተው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠሩ፤ መንገደኛ በማይኖርበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ የሚያወጡትን ኪቦርድ እየተጫወቱ እጃቸውን ያፍታቱ ነበር።

«ሙዚቃዊ ስልት» በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ እትም ለዓለም ተሰማ። «ሸሞንሟናዬ»ን ደግሞ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ካሴት መሸጫ ገዝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ አግኝቶ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። አቶ ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አቀረቡ።

ይህን ላደረጉት ሰዎች ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የባሕር ዳሩን ታሪክ ደግመን እናስበው። ያ ካሴት የተገኘው ስሙ ስለተጻፈበት ነው። ስሙ ጠፍቶ «ሙዚቃ ብቻ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ገዢው ማንን ይፈልግ ነበር? በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኙን መብት ያውቃል። መብቱን የሚጠይቅ ግን አስቀድሞ ስም ሊኖረው ይገባል። ስሞቹን ከላይ አንድ በአንድ የዘረዘርነው ለዚህ ነው።

6. ምን እናድርግ?

የምናቀርበው ሐሳብ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በመጪው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ በአልጋ ሥር፣ በቁም ሣጥን ላይ ያለውን ሸክላና ካሴት እንይ። ለያንዳንዱም አንድ ወረቀት መድበን አራት ነገር እንጻፍ፤ በላዩ የተጻፈውን ቃል ሳይለወጥ፣ የሚሰሙትን መሣሪያዎች፣ የተገዛበትን ቦታና ዘመን ባለቤቱ እንደሚያስታውሱት፣ ደግሞም ማን እንደሚጫወተው የሚያውቅ ሰው ካለ የሰውየውን ቃል። የተገመተውን «ግምት» ብለን ከታወቀው እንለይ። ካሴቱን ከፀሐይና ከእርጥበት እናርቅ፤ የላላውን ክር በእርሳስ አጥብቀን ሳንጠቀልል አናጫውት፤ ከተቻለም ወደ ኮምፒዩተር እንገልብጠው፤ ስንገልብጥም ስሙን አብረን እንገልብጥ።

ሰፈር ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ይጭናል፤ የሚጭነውም ስሙን የሚያውቀውን ነው። የኛ ሦስት ካሴቶች እስካሁን ስም አላገኙም። «ሙዚቃ ብቻ» የሚለውን የእርሳስ ጽሑፍ አልፋቅነውም፤ ከሥሩ ግን «ኦርጋን፣ ሳክስፎን፣ ድራም፤ ከካዛንቺስ፣ ከአንድ ቤት የተገኘ፤ ተጫዋቾቹ ይፈለጋሉ» ብለን ጽፈናል። የዜማዎቹ ባለቤቶች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ ይህችን መጽሔት በሚያነብ ተማሪ ቤት ይገኙ ይሆናል። ካሴቶቹ በእጃችን ናቸው፤ መጥቶ ሊያዳምጥ የሚወድ ጓደኛ ሁሉ ይምጣ።