ያለ አፈር በውሃ ስለሚበቅል አትክልት፤ ስለ ውሃው ጥራትና ስለ ሥሩ ጤንነት

አትክልትን ያለ አፈር፣ ምግቡ በሟሟበት ውሃ ብቻ ማብቀል እንደሚቻል በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዊልያም ገሪኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 በጽሑፍ ገለጡ፤ በ1937ም ሥራው ሃይድሮፖኒክስ በሚል ስም ታወቀ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የውሃ ሥራ ማለት ነው። መሬት የጠበበው የከተማ ሰው ሰላጣን፣ ቆስጣንና ናናን በደጃፉ በባልዲ ሊያበቅልበት ይችላል። ነገር ግን ለሕዝቡ ባልዲና ዘር ለማደል ያሰበ ሹም ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የዚህ ሥራ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከዘሩ ሳይሆን ከውሃው የሚመጣ መሆኑን ነው። አትክልቱ በጠወለገ ጊዜ ዘሩ ይወቀሳል፤ ሌላ ዘር ይገዛል፤ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

ሥር ውሃ ከመጠጣቱ ሌላ ይተነፍሳል። በአፈር ውስጥ ሲሆን አየሩን ከአፈሩ ቀዳዳ ያገኛል፤ በውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ሲሆን ግን በውሃው ከሟሟው ኦክሲጅን በቀር ሌላ የለውም። በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። ከፍ ባለ አገር ደግሞ አየሩ ይሳሳልና፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዲስ አበባ ያው የ20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ቆላው በሙቀት የሚያጣውን ደጋው በከፍታ ያጣዋል፤ ስለዚህ ደገኛውም ውሃዬ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባውም።

አየር ያጣ ሥር ሲደክም ፒቲየም የሚባለው ሻጋታ መሰል ረቂቅ ነፍስ ይገባበታል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ የታመመው ግን ቡናማ ሆኖ ይሟልጫል፣ ሲስቡት ልጡ ተገፎ ክሩ ብቻ ይቀራል፣ ውሃውም ይሸታል። (ከማዳበሪያው የተነሣ ወይቦ ሳለ የጠነከረ ሥር አልታመመም።) ባልዲው ሞልቶ ሳለ ቅጠሉ በቀትር ቢጠወልግ ሥሩ ታሟል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርበታል፤ በዚህም በሽታውን ያባብሰዋል። በተለይ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት በርናርድ ክራትኪ ባስፋፉት፣ ኤሌክትሪክ በማያሻው ዘዴ የሚሠራ ሰው፣ ውሃው ሲጎድል ከበላዩ የሚቀረውን ክፍት ቦታ መልሶ እስከ አፉ መሙላት የለበትም። የላይኛው ሥር አየር የሚስበው ከዚያ ነው፤ ቢሰጥም ይሞታል። ዕቃውም ከፀሐይ ይከለል፤ ብርሃን ከገባበት አልጌ ያበቅላልና።

ስለ ውሃው ምንጭ፣ ከሁሉ የሚሻለው ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ነው፤ አቧራውን ያጠበው የመጀመሪያው ውሃ ግን ይፈሳል። ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውሃ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ተከፍቶ ቢያድር ይሻላል። የሚያስቸግረው በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ነው፤ ሶድየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ባይካርቦኔቱ ፒ.ኤች የሚባለውን ልክ ከፍ ስለሚያደርገው ተክሉ ብረት መሳብ ይሳነዋል፤ አዲሱም ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ይገረጣል። ፒ.ኤቹን ባለሙያ ፎስፎሪክ አሲድ በጥቂቱ እየጨመረ ከ5.5 እስከ 6.5 ወዳለው ልክ ሊያወርደው ይችላል፤ ሶድየሙ ግን በአሲድ አይወጣም። ውሃውን ማፍላትም የሚተነውን ያህል ጨዉን ያከብደዋል እንጂ አያወጣውም። መድኃኒቱ ከዝናም ውሃ ጋራ መቀላቀል ነው።

ለማሳ የሚታደለው ዩሪያም ለባልዲ አይስማማም፤ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ተሕዋስያን በአዲስ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይገኙምና። ስለዚህ የወረዳው ሹም ዕደላውን ከማዘዙ በፊት፣ ሕዝቡ ከሚቀዳበት ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አንድ ባልዲ አስቀድቶ ፒ.ኤቹንና የጨዉን መጠን ያስለካ፤ በየባልዲውም ሰላጣ ተተክሎ ለሦስት ሳምንት ይጠበቅ፤ ከዚያም ቅጠሉ ሳይሆን ሥሩ ተነሥቶ ይታይ።