መዳብ ያዘለ የኳርትዝ ሥር፤ የቢዩት ማዕድን ታሪክ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ድንጋይ ምን አገባው የሚል ባልንጀራ አይጠፋም፤ ነገሩ ግን የማንበብ ነገር ነውና ለእኛም አይርቅም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በሞንታና ግዛት ያለችው የቢዩት ከተማ በግራኒት ዓለት ላይ ተቀምጣለች። ከጥልቅ የመጣ ትኩስ ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለውን ጠንካራ ድንጋይ ከመዳብና ከድኝ ጋር አጋግሮ ትቷል፤ የማዕድን ሥር የሚባለው ይኸ ነው።

ቆፋሪዎቹ በ1864 የመጡት ወርቅ ፍለጋ ነው፤ ቀጥሎም ብር ፈለጉ። ማርከስ ዴሊም አናኮንዳ የተባለውን ጉድጓድ የያዘው ለብሩ ነበር። በ1882 ግን መቶ ሜትር ያህል ወርደው ሲቆፍሩ ወፍራም የመዳብ ሀብት አገኙ። ታዲያ ላይኛው ለምን ባዶ መሰለ? አየርና የዝናብ ውሃ ብረትና ድኝ ካዘለው ፓይራይት ጋር ሲገናኙ አሲድ ይወለዳል፤ አሲዱም መዳቡን አጥቦ ያወርደዋል፤ መዳቡ ከታች ቻልኮሳይት የሚባል ጥቁር ማዕድን ሆኖ ይከማቻል። ላይ የሚቀረው ዝገትና ጥቂት ብር ነው።

ከዚያ ክርክር መጣ። የ1872ቱ የማዕድን ሕግ፣ የሥሩ አናት በመሬቱ ላይ የወጣለት ሰው ሥሩን ተከትሎ ከጎረቤቱ መሬት ሥር እንዲቆፍር ይፈቅዳል። (ለጠበቃ እንጂ ለጉርብትና የሚመች ሕግ አይመስለኝም!) አውጉስተስ ሃይንዝ የሚባል ሰው ይህንኑ ሕግ ይዞ ትልቁን ኩባንያ እስከ 1906 አስጨነቀው። ኩባንያውም በሆራስ ዊንቸል መሪነት ሥሮቹን በካርታ የሚያነሡ ጂኦሎጂስቶች አሰማራ። ለዳኛ የተሣለው ካርታ ለቆፋሪውም ሥሩ የት እንደተቆረጠ፣ ወዴትስ እንደተፈናቀለ አሳየው።