በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ በአንድ የባልና ሚስት ሽምግልና ላይ የመገኘት አጋጣሚ ነበረኝ። ባልየው የዳንግላ ነጋዴ ነው፤ ሚስቲቱ የእንጅባራ ልጅ ናት። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ሆኖም ጉዳያቸው የብዙዎቻችን ቤት ጉዳይ በመሆኑ ለትምህርት ይሆነን ዘንድ አቀርበዋለሁ።

ሚስት ፍቺ ጠይቃለች። ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ «እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አጠገቤ አልተቀመጠም» አለች። ባል በመገረም፣ «ሐጂ፣ የመድኃኒቱንም የመኪናውንም ወጪ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ ብቀመጥ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር? ይህ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?» ሲል መለሰ። እሱም በበኩሉ ቅሬታ ነበረው። ሲከፋት ከእህቷ ጋር በአዊኛ ትነጋገራለች፤ እሱ ቋንቋውን ስለማያውቅ የምታማው ይመስለዋል። እሷ ግን፣ «ማልቀስ የተማርኩበት ቋንቋ ነው፤ ሐዘኔ በሌላ አይወጣልኝም» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት ሐጂ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ ወደ ባልየው ዞረው፣ «ልጄ፣ ስትከፋ ምን ቢደረግላት እንደሚሻላት ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አሉት። ዝም አለ። «አንቺስ ልጄ፣ ያን ገንዘብ ሲልክ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀሽዋል?» አሏት። እሷም ዝም አለች። በሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልተነሣም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም በጎ አስበዋል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለሌላው የሰጡት ራሳቸው ቢሰጣቸው ደስ የሚላቸውን ነው። እሱ ሲቸገር ገንዘብ የሚያበድረውን ሰው ወዳጅ ይላል፤ ስለዚህ ገንዘብ ላከ። እሷ ሲከፋት አብሯት የሚቀመጠውን ሰው ወዳጅ ትላለች፤ ስለዚህ መምጣቱን ጠበቀች። እሱ በላከው ገንዘብ መወደዷን አላየችም፤ እሱም ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አልጠረጠረም።

የቋንቋውም ነገር ከዚሁ የተለየ አይደለም። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች በአገው ክፍል የሚመደብ ሲሆን አማርኛ ሴማዊ ነው። በዞኑ አዊኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። አፉን በአዊኛ የፈታው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አማርኛም ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን አዊኛን የሚማረው ከስንት አንዴ ነው። በመሆኑም ወደ ሌላው ቋንቋ የመሻገሩ ድካም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ ይወድቃል፤ ሌላኛው «ትሰማኛለች» ብሎ ያርፋል። ሆኖም መስማት አንድ ነገር ነው፤ የልብን ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

የሚገርመው ግን ሕዝባችን ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ በሚኖርባቸው ከተሞቻችን ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ባለድግስ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚታረደውን በሙስሊም ያሳርዳል፤ ድስቱን፣ ወጥ ሠሪውን፣ መቀመጫውን ሳይቀር ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል፤ የጾም ወቅት ከሆነም ያስባል። «እኔ የምበላውን ካልበላ ይቅርበት» የሚል ባለድግስ የለም። እንግዳውን ማክበር ማለት የእንግዳውን ሁኔታ አስቀድሞ ማወቅ መሆኑን ሁሉም ይረዳል። ታዲያ ለጎረቤታችን ሆድ ይህን ያህል የተጨነቅን ሰዎች ለሚስታችን፣ ለባላችን፣ ለልጃችን ልብ እንዴት ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ እንኖራለን?

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወትም ለዚህ ጉዳይ ግልጽ ምሳሌዎች አሉ። በአንድ ማዕድ ላይ የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት በቀረበ ጊዜ ነቢዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑ አል-ወሊድ (ረ.ዐ.) ሐራም እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ሐራም አለመሆኑን፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር ስለማይገኝ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። ኻሊድም እያዩት በላ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር የግል ምርጫንና የሸሪዓን ድንጋጌ ለይቶ ማየትን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ያልጣመንን ሁሉ ስሕተት፣ የለመድነውን ሁሉ ሕግ እናደርገዋለን።

በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱም እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማየት ስለፈለጉ ነቢዩ ከልለዋቸው ቆሙ፤ እሳቸው ራሳቸው እስኪበቃቸው ድረስም ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ከዚህም በላይ ዓኢሻ ሲደሰቱና ሲያኮርፉ በመሐላቸው ይለዩዋቸው ነበር፤ ሲደሰቱ በሙሐመድ ጌታ፣ ሲያኮርፉ በኢብራሂም ጌታ ይምሉ ነበርና። ባልደረባን ማወቅ ማለት ይህን ያህል ማስተዋል ነው።

ምናልባት፣ «ለራሳችን የምንወደውን ለወንድማችንም እንድንወድ ታዘናል አይደለም እንዴ? ታዲያ እኔ የወደድኩትን ብሰጠው ምን አጠፋሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ለራሳችን የምንወደው ነገር ምንድን ነው? ፍላጎታችን ታውቆ እንዲከበርልን አይደለምን? እንግዲያው ለሌላው ልንወድለት የሚገባው ይህንኑ ነው። እኔ ቡና ስለምወድ ሻይ የሚወደውን ወንድሜን ቡና ባጠጣው ለራሴ የምወደውን አደረግሁለት ማለት አይቻልም።

በሌላው ዓለምም ይህ ጉዳይ ብዙ ተጽፎበታል። አሜሪካዊው የትዳር አማካሪ ጋሪ ቻፕማን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ፍቅርን የሚገልጹባቸውን መንገዶች በአምስት ከፍሏቸዋል፦ በመልካም ቃል፣ አብሮ ጊዜ በማሳለፍ፣ በስጦታ፣ በሥራ በማገዝና በአካላዊ ቅርበት። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የካናዳ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ መርምረው፣ ሰው እንደ ምግብ ሁሉ ከእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው እንጂ በአንድ ብቻ እንደማይኖር ጽፈዋል። ስለዚህ «የእሷ ምርጫ ይህ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ፈርጆ ማረፍም አይገባም፤ ጥያቄው በየጊዜው መታደስ አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከመገመት እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የራሳችንን ፍላጎት በግልጽ እንናገር፤ ሳይነገረው እንዲያውቅልን የምንጠብቀውን ሰው መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ሦስተኛ፣ የተሰጠን ነገር የጠበቅነው ባይሆንም የሰጪውን ሐሳብ አይተን እናመስግን። አራተኛ፣ ወሰኑን እንወቅ። ስድብና ዱላ «ጠባዬ ነው» ተብለው የሚታለፉ ምርጫዎች አይደሉም፤ በደል ናቸው።

ወደ እንጅባራው ሽምግልና ልመለስ። ሐጂው ባልየውን በሳምንት አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር አማቱን እንዲጠይቅ፣ እግረ መንገዱንም ከአማቱ አዊኛ እንዲለምድ አዘዙት። ሚስቲቱንም ለላከው ሁሉ በአፏ እንድታመሰግነው፣ ቅሬታዋንም ሳታሳድር ለራሱ እንድትነግረው መከሯት። ጭቅጭቃቸው ጨርሶ ቆመ አልልም። ፍቺ የሚለው ቃል ግን ከዚያ ቀን በኋላ በቤታቸው እንዳልተነሣ ነግረውኛል። ባልየው አዊኛውን እየተኮላተፈ ሲሞክር አማቱ በሳቅ ይሞታሉ አሉ።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ይህን የሐጂውን ጥያቄ ይዘን እንግባ፦ «ምን ባደርግልሽ ደስ ይልሻል?» መልሱ እኛ ከገመትነው የተለየ ቢሆን አይግረመን። ወሏሁ አዕለም።