መሥሪያ ቤት ሲናወጥ ሠራተኛው ወዴት ይሄዳል?

አባቴ በቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ በሚገኝ አንድ የንግድ ቤት የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነው 22 ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ቤቱ በድንገት ተዘጋ። ዕድሜያቸው 51 ነው። ማታ ማታ እኔ ሳጠና እርሳቸው ዝም ብለው ሲቀመጡ አይ ነበርና፣ ትምህርቴን ትቼ ሥራ ልፈልግ ይሆን የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ሲናወጥ ሠራተኛው ምን እንደሚሆን በዚያው ጎዳና ላይ እየጠየቅሁና እያነበብሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ሾሜት የነደፉትን ክብ ሕንጻ ሳያይ አያልፍም። እርሱም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። (ስንቶቻችን በአጠገቡ እያለፍን ታሪኩን ሳንጠይቅ ቀረን!) ከርሱ በፊት የነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለት ሸክም ባንድ ትከሻ ተሸክሞ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ወገን የአገሪቱን ገንዘብ ማውጣትና መጠበቅ፣ በሌላው ወገን እንደ ማንኛውም ባንክ ከሕዝብ ተቀማጭ መቀበልና ማበደር ነው። ተቆጣጣሪውና ተወዳዳሪው አንድ ሲሆን እንደማይመች ግልጽ ነው። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባንኩ እንዲከፈል ተወሰነና በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያይተው ሥራቸውን ጀመሩ።

ያን ጊዜ የ20 ዓመት ጸሐፊ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን አዛውንት እንደ ነገሩኝ፣ ወሬው በተሰማ ጊዜ ትልልቆቹ ሠራተኞች «ማን ወዴት ይመደብ ይሆን?» እያሉ ምሳ እንኳ አይበላላቸውም ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ አንድ ቤት ሁለት ሲሆን ወንበሩም ሁለት ይሆናል» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። አንድ የነበረው የሒሳብ ክፍል ሁለት ሲሆን ሁለተኛውን የሚመራ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱ ከፍ ሲል ደግሞ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ይፈለጋል። እርሳቸውም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ረዳት የሒሳብ ሹም ሆኑ። ዕድል ብቻ አልረዳቸውም፤ ሌሎች በወሬ ሲጠመዱ እርሳቸው ማታ ማታ ሒሳብ አያያዝ ይማሩ ነበር።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሁሉ ተወረሱ። ከዚያ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ የግል ባንክ እንደገና ተፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 ባለ አክሲዮኖች ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ። ሃያ ዓመት ያህል የግል ባንክ ባልነበረበት አገር፣ የባንክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ከመንግሥት ባንኮች በቀር ከወዴት ይገኛል? አዛውንቱም በዚያው ዘመን በ51 ዓመታቸው ወጥተው በአንድ አዲስ ባንክ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ቀና ብለው «በ51?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ነገር ግን መናወጥ ሁሉ ዕድገት ያመጣል ብዬ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከጎዳናው ግርጌ ያለውን የለገሃር ጣቢያ ተመልከቱ። የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በ1 ሜትር ስፋት ሐዲድ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በ1.435 ሜትር ሐዲድ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ወደ ለቡ ርቋል። የባንክ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ከባንክ ወደ ባንክ ይሻገራል፤ የድሮውን ባቡር ሲጠግን የኖረ እጅ ግን ዕውቀቱ ከዚያችው ማሽን ጋር የተሳሰረ ነው። ልዩነቱ በትጋት ማነስ አይመስለኝም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋልና፣ ከክፍላችን ባንክ ለመግባት የሚያስቡ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

የአባቴስ ዕውቀት ከየትኛው ወገን ነው? መዝገብ በእጅ ሲጽፉ ስለ ኖሩ ኮምፒዩተር አያውቁም፤ ነገር ግን ያልተስተካከለ ደረሰኝ ከሩቅ ይታያቸዋል። አሁን የሦስት ትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ ይይዛሉ፤ እኔም ትምህርቴን አልተውሁም፤ ማታ ከጥናት በኋላ ኮምፒዩተሩን አሳያቸዋለሁ። ትናንት ማታ ድምሩ አልገጥም ብሎኝ ማሽኑን ስወቅስ፣ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን ባንድ ጣት እየተከተሉ ወረዱ። ስሕተቱ የኔ ነበር፤ 540 መጻፍ ሲገባኝ 450 ጽፌአለሁ።