የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ አቆጣጠር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ

በራያ ቆላ የአንድ ቀን መዘግየት ምርት የሚያሳጣበት ወቅት አለ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር በሞተር በሚሳብ ውሃ የሚለማ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ ሞተሩ ከቆመ ብዙ ቀን አይታገሥም። መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣ ነጋዴ «አይሮፕላን ይሻላልን ወይስ መኪና?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን በግምት ሳይሆን በሒሳብ ማግኘት ይገባዋል።

ቆቦ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የሚያርፍበት ሥፍራ የላትም። በካርታ ላይ ላሊበላ ትቀርባታለች፤ ነገር ግን በመካከሉ የላስታ ተራሮች ስላሉ መንገዱ እንደ መስመሩ አጭር አይደለም። ስለዚህ በዋናው የመኪና መንገድ ላይ ያለችውን ኮምቦልቻን ለምሳሌ እንወስዳለን።

፩. ርቀቱ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲኬድ አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይልም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ቦሌ በ8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ ኮምቦልቻ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ገደማ ይገኛሉ። ልዩነቱ 126 የባሕር ማይል፣ ማለት 233 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምታዘነብል፣ ሁለቱ በማዕዘን ሕግ ሲደመሩ የአየሩ ርቀት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመኪና መንገድ ግን 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

፪. የበረራው ጊዜ። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን 250ውን ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ ይጨርሳል። ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ 20 ደቂቃ ቢታሰብለት 45 ደቂቃ ይሆናል።

፫. የነጋዴው ጊዜ። ዕቃውን ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በጣቢያው ለመገኘት 2 ሰዓት፣ ለበረራው 45 ደቂቃ፣ ዕቃ ለመረከብ 30 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ከኮምቦልቻ በደሴና በወልድያ አልፎ እስከ ቆቦ 195 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ይህም በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ድምሩ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ ያለው 570 ኪሎ ሜትር ደግሞ በዚያው ፍጥነት ያለ ዕረፍት 14 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያስኬዳል።

እንግዲህ የአይሮፕላኑ ትርፍ 6 ሰዓት ነው። የሚቀጥለው በረራ ከዚህ የበለጠ የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ አሁኑኑ የተነሣ መኪና ይቀድማል። ነጂው በመንገድ የሚያድር ከሆነ ግን የዕረፍቱ ሰዓት በመኪናው ሒሳብ ላይ ይጨመራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የነበሩት ዲሲ 3 አይሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። ያንኑ 250 ኪሎ ሜትር ለመብረር 50 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግም ለቆቦ ነጋዴ የተረፈው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ጊዜውን የሚወስደው በምድር ላይ ያለው ጥበቃና መንገድ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የበረራውን ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፤ በኮምቦልቻ የሚጠብቀውንም መኪና አስቀድሞ ያዘጋጃል።