የጎንደር «ኪው» ከየት መጣ?

ከአንበሳሜ በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ የዱባይ መንገደኛ ሻንጣውን ሲያስረክብ፣ እጀታው ላይ ረጅም ወረቀት ይጠመጠምለታል። በወረቀቱ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሦስት የላቲን ፊደላት «ዲ ኤክስ ቢ» ናቸው። ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ወደ የትኛው አውሮፕላን እንደሚዛወር የሚታወቀው በእነሱ ነው።

ዱባይ ስም ውስጥ ግን «ኤክስ» የለም። ለስሟ የሚቀርበው «ዲ ዩ ቢ» የአየርላንዷ ደብሊን ነው፤ አንድ ኮድ ደግሞ ለሁለት ከተማ አይሰጥም።

አሠራሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አየር መንገዶች የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የሚጠሩባቸውን ሁለት ሁለት ፊደላት ይጠቀሙ ነበር። ሁለት ፊደል ከ676 በላይ ጥምረት አይሰጥም፤ በረራ ሲበዛ ሦስተኛ ተጨመረና 17,576 ደረሰ። ሎስ አንጀለስ በነበራት «ኤል ኤ» ላይ «ኤክስ» የጨመረችው ያኔ ነው። ዛሬ ኮዱን የሚሰጠው አያታ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ ተመሠረተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የዚያው ዓመት ልጅ ነው።

እንግዲህ ጎንደርን እንይ። «ጂ ኤን ዲ» የግሬናዳ ነው፤ «ጂ ዲ ኤን» የፖላንዷ ግዳንስክ፤ «ጂ ኦ ኤን» የአሜሪካዋ ግሮተን። ለጎንደር «ጂ ዲ ኪው» ተሰጣት። «ኪው»ና «ኤክስ» በከተሞች ስም ውስጥ እምብዛም ስለማይገቡ ያልተያዘ ጥምረት በእነሱ ማግኘት ይቀላል፤ መቀሌማ «ኤም ኪው ኤክስ» ተብላ ሁለቱንም ይዛለች። ባሕር ዳርም «ቢ ጄ አር» ናት፤ «ቢ ዲ አር» የአሜሪካዋ ብሪጅፖርት፣ «ቢ ኤ ኤች» የባሕሬን ነውና። ላሊበላ «ኤል ኤል አይ»፣ አክሱም «ኤ ኤክስ ዩ» ብለው ከስማቸው ሳይርቁ ቀርተዋል።

ደብረ ታቦርም «ዲ ቢ ቲ» የሚል የራሷ ኮድ አላት። ኮድ መኖሩ ግን መደበኛ በረራ አለ ማለት አይደለም። ኮዱ የሚያመለክተው ከተማም ሁልጊዜ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት አይደለም፦ «ዲ ኤስ ኢ» የደሴ ነው፤ መንገደኛው የሚወርደው ግን ኮምቦልቻ ነው።

አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩበት ሌላ ባለ አራት ፊደል ኮድ አለ። እሱ ሥርዓት አለው፦ የኢትዮጵያ ሁሉ በ«ኤች ኤ» ይጀምራል፣ የኬንያ በ«ኤች ኬ»፣ የግብፅ በ«ኤች ኢ»። መንገደኛው ትኬቱ ላይ የሚያገኘው ግን ባለ ሦስቱን ነው፤ በተለይ ከአንድ በላይ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለው ከተማ ሲሄድ ልብ ብሎ ያንብበው። ዋሽንግተን ላይ «አይ ኤ ዲ» ደለስ ነው፤ «ዲ ሲ ኤ» ደግሞ ከመሀል ከተማው አጠገብ ያለው ሬገን። ሊቀበል ለሚመጣው ዘመድ ከከተማው ስም ጋር ኮዱንም መላክ ነው።